ችግኙ ሲቆጠር፣ ባለ ችግኙ ሲፈናቀል

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በአንድ ጀንበር ከ353 ሚሊዮን የሚበልጥ ችግኝ መተከሉ ለዓለም ተነገረ። ሐምሌ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ የአንዱ ቀን ዕቅድ 700 ሚሊዮን ደረሰ። ከድንበር ወዲያ ኬንያም እስከ እ.ኤ.አ. 2032 ድረስ 15 ቢሊዮን ዛፍ እተክላለሁ ብላ፣ ኅዳር 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ሥራ ዘግታ ሕዝቧን ለተከላ አሰማራች። ክረምት በገባ ቁጥር ስንት ተተከለ የሚለው ጥያቄ የአደባባይ ጥያቄ ይሆናል። ስንት ጸደቀ የሚለው ዝቅ ባለ ድምፅ ይከተላል። ማን አፈላው፣ በማን መሬት ላይ አፈላው፣ ለስንት ጊዜስ እንዲያፈላ ተፈቀደለት የሚለው ግን ከነጭራሹ አይነሣም።

ይህ ሦስተኛው ጥያቄ የጥቂት የመንገድ ዳር ነጋዴዎች ጉዳይ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን አንድ ከተማ በጎዳናው ዳር ምን ዓይነት ዛፍ እንደሚያቆም የሚወስነው ከንቲባው አይደለም፤ የመናፈሻ ንድፍ የሚያወጣው ባለሙያም አይደለም። የሚወስነው ችግኝ የሚያፈላው ሰው በመደቡ ላይ ስንት ዓመት ተማምኖ መቀመጥ ይችላል የሚለው ጉዳይ ነው። የስድስት ወር ዋስትና ያለው ሰው የስድስት ወር ተክል ያሳድጋል። ነገ ተነሣ ሊባል የሚችል ሰው ደግሞ ዛሬ የሚሸጠውን ብቻ ያሳድጋል። የከተሞቻችን መልክ ከዚህ ሒሳብ የወጣ ነው።

ነገሩን ከተክሉ ባሕርይ ጀምሮ ማየት ይጠቅማል። ቡገንቪሊያ ከቅርንጫፍ ተቆርጦ ይተከላል፤ ሥር ሰድዶ ለገበያ ለመድረስ ወራት ይበቁታል። ባሕር ዛፍም የተዘራበት ዓመት ሳያልፍ ለተከላ ይደርሳል። ወይራን የሚያፈላ ሰው ግን መጀመሪያ ከድንጋይ የማይተናነሰውን የፍሬውን ልብስ በጥንቃቄ መሰንጠቅ አለበት። የዝግባም ፍሬ እንዲሁ ቅርፊቱ ጠንካራ በመሆኑ በመደብ ላይ ለመብቀል ብቻ ወራት ሊፈጅ ይችላል። የጥቁር እንጨት ፍሬ በተቃራኒው ከተለቀመ በኋላ ብዙ አይቆይም፤ ደርቆ ሳይሞት ቶሎ መዘራት ይኖርበታል። ኮሶ ወንዱና ሴቱ የተለያየ ዛፍ ስለሆነ የትኛው ዛፍ ፍሬ እንደሚሰጥ ለይቶ የሚያውቅ ለቃሚ ይሻል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ችግኙ ወደ ከረጢት ይዛወራል፣ ጥላ ይበጅለታል፣ ከጊዜ በኋላ ጥላው እየተነሣለት ፀሐይና ጥማት ይለምዳል። ከረጢቱ ውስጥ ከሚገባው በላይ ከቆየ ሥሩ ዙሪያውን ይጠመጠምና ቢተከልም ከዓመታት በኋላ ነፋስ የሚጥለው ዛፍ ይሆናል። ስለዚህ በጊዜው ሥሩ ይገረዛል፣ ወደ ሰፊ ዕቃ ይዛወራል፣ እንደገና ይጠበቃል። ለገጠር ተራራ የሚሆን ስንዝር ችግኝ አንድ ነገር ነው፤ ለጎዳና ዳር የሚሆን፣ መኪና የማይደፈጥጠው፣ ልጅ የማይሰብረው፣ ቁመቱ ሰው የሚያህል ዝግባ ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛው የዓመታት ሥራ ነው።

ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው በአገራችን ስም እንኳ አልወጣለትም። ችግኝ ሻጭ ይባላል፤ ከሸንኮራና ከካልሲ ሻጭ ጎን ተቆጥሮ። አለዚያም አትክልተኛ ይባላል፤ ይህም በአዲስ አበባ ቪላዎች ልማድ ዘበኛው በትርፍ ጊዜው የሚሠራው፣ ውሃ ከማጠጣትና ሣር ከማጨድ የማያልፍ ግብር ተደርጎ ይታያል። ፍሬ መርጦ መልቀም፣ ዘር መስበር፣ ሥር መግረዝ፣ ማዳቀል የሚያውቅ እጅ ከሙያተኛ እጅ አይቆጠርም። «አዲስ አበባ» ተብላ በተሰየመች ከተማ አበባ የሚያሳድገው ሰው ስም አጥቶ መኖሩ ከምፀት በላይ ነው።

ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ብዙም ሳይቆይ ዙሪያዋን የነበረው ጥድና ወይራ ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተቆረጠ አለቀ። ማገዶው ከመራቁ የተነሣ አፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማዋን ባለችበት ያስቀራት በ1880ዎቹ ማብቂያ ገደማ ከባሕር ማዶ የመጣው ዛፍ ነው፤ ስሙም ከዚያው ቀረ። ስለ ባሕር ዛፍ ሲነገር ዘወትር የሚወሳው የንጉሡ አርቆ አስተዋይነት ነው። የሚረሳው ደግሞ ዛፉ በትእዛዝ ብቻ አለመስፋፋቱ ነው። የተከለበት መሬት ከግብር ይቃለልለት ነበር፤ የሚገዛው የማገዶ ገበያ በደጁ ነበር፤ በ1900 ዓ.ም. ገደማ የወጣው የከተማዋ የመሬት ደንብም ሰው መሬቱን የራሱ አድርጎ እንዲይዝ አስችሎታል። ቆራጩና ተካዩ አንድ ሰው ስለነበር የቆረጠውን መልሶ ይተክል ነበር። በተቃራኒው በ1905 ዓ.ም. ገደማ ባሕር ዛፍ ውሃ ይጨርሳል በሚል አብዛኛው ተነቅሎ በምትኩ እንጆሪ ዛፍ እንዲተከል ዐዋጅ ቢወጣ ዐዋጁ በወረቀት ቀረ። የመሬቱ ባለቤት የማይፈልገውን ዛፍ ዐዋጅ አያበቅለውም፤ የሚፈልገውንም ዐዋጅ አይነቅለውም።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ይህን ትምህርት የመርሳት ታሪክ ነው። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ የግል ግቢ ይዞ የግል መደብ የሚያሰፋ፣ ችግኝ ሸጦ የሚተዳደር ሰው ለሥራው የሚሆን ስፍራ አጣ። ችግኝ ማፍላት የመንግሥት ጣቢያዎች ሥራ ሆነ። በገጠር በምግብ ለሥራ መርሐ ግብር በየተራራው የተተከለው ዛፍ ብዛቱ የሚናቅ አልነበረም። ነገር ግን የማን እንደሆነ ማንም አያውቅም ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ቦታ ሕዝቡ መጥረቢያ ይዞ የወጣው ለዚህ ነው። ዛፍ ጠልቶ አልነበረም፤ የእኔ ነው ብሎ የሚያስበው ዛፍ ስላልነበረው ነው።

ከዚያ ዘመን የተረፈ አንድ ልማድ እስከ ዛሬ ዘልቋል። የመንግሥት ችግኝ በነጻ ይታደላል። ነጻ መሆኑን የሚነቅፍ ሰው ክፉ ይመስላል፤ ይሁንና በነጻ የሚታደል ዕቃ ባለበት ገበያ ያንኑ ዕቃ አሳድጎ የሚሸጥ ሰው ሊኖር አይችልም። የአገር በቀል ዛፍ ችግኝ የመንግሥት ጣቢያ የሚያድለው ሆኖ ሲቀር፣ የግል ባለ ችግኙ ወደ ጌጥ ተክል ሸሸ። ጣቢያው በበኩሉ የሚለካው በጸደቀ ዛፍ ሳይሆን ባስረከበው ቁጥር ስለሆነ ቶሎ የሚደርሰውን ያፈላል። ባሕር ዛፍ፣ ግራቪሊያና የፈረንጅ ጥድ በየኮረብታው የተንሰራፉት ከሌሎቹ የተሻሉ ሆነው ብቻ አይደለም። ለቆጠራ ቶሎ የሚደርሱ በመሆናቸው ጭምር ነው።

በዚህ ረገድ ናይሮቢ አንድ ጊዜ ሌላ መንገድ አሳይታ ነበር። ዋንጋሪ ማታይ እ.ኤ.አ. በ1977 በካሙኩንጂ ሰባት ዛፍ ተክላ የጀመረችው ንቅናቄ የሚወሳው በተካይነቱ ነው፤ ሥሩ ግን ችግኝ ማፍላት ነበር። የገጠር ሴቶች ከአካባቢያቸው ዘር ለቅመው በራሳቸው ጓሮ አፈሉ። ለዚህ ሥራ ዲፕሎማ ያለው የደን ባለሙያ ያስፈልጋል ለሚሉት ሰዎች መልሳቸው ሥራው ራሱ ሆነ። ክፍያውም ጥቂት የአሜሪካ ሳንቲም ብቻ ነበር፤ የሚከፈለው ግን ለተተከለ ሳይሆን ከተተከለ በኋላ ለጸደቀ ዛፍ ነበር። በዚህ መንገድ የተተከለው ዛፍ እ.ኤ.አ. በ2004 ማታይ የኖቤል የሰላም ሽልማት እስክትቀበል 30 ሚሊዮን ገደማ ደርሶ ነበር። ቁጥሩ ዛሬ በአንድ ቀን ከሚነገረው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ይመስላል። ልዩነቱ የማፍያ መደቡ የሴቶቹ መሆኑ፣ ክፍያውም ሥሩ ከያዘ በኋላ መሆኑ ነው።

የዛሬዪቱ ናይሮቢ ከዚህ ትምህርት ብዙ ርቃለች። በከተማዋ አውራ ጎዳናዎች ዳር የተደረደሩት የችግኝ መደቦች ለመንገደኛ ዓይን እንደ መናፈሻ ይታያሉ። መሬቱ ግን ለመንገድ መስፊያ የተከለለ ነው። ባለ ችግኞቹ የሚቀመጡበት በጊዜያዊ ፈቃድ ነው፤ አንዳንዱም ያለ ፈቃድ። መንገዱ በሰፋ ቁጥር ይነሣሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 ለፈጣን መንገዱ ሥራ ሊቆረጥ የነበረ አንድ ታላቅ የሾላ ዛፍ ሕዝብ ጮሆለት በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ዳነ፤ መዳኑም ተገቢ ነበር። ነገር ግን ገና ሾላ ያልሆነው፣ በከረጢት ውስጥ ያለው የነገው ሾላ ጠበቃ የለውም። ለትልቁ ዛፍ የሚያለቅስ ብዙ ነው፤ ለመደቡ የሚያለቅስ አይገኝም።

አዲስ አበባም ያው ናት። ከቀበና፣ ከግንፍሌ፣ ከባንተይከቱ ወንዞች ዳር፣ ከቀለበት መንገዱ ጥግ፣ ከየድልድዩ ሥር ባለ ችግኝ ያልነበረበት ስፍራ አይገኝም። በ1990ዎቹ ወጣቶች በጥቃቅንና አነስተኛ ተቋም እየተደራጁ የመንገድ አካፋይና የወንዝ ዳር ቦታ ተሰጣቸው። ቆሻሻ የሚደፋበትን ዳርቻ ጠረጉ፣ አፈር ሞሉ፣ ፍግ አመጡ፣ መደብ አወጡ። ውሃ በፈረቃ በሚዳረስባት ከተማ ከወንዙ እየቀዱ አጠጡ፤ የወንዙ ውሃ ምን እንደሚመስል የከተማዋ ነዋሪ ያውቃል። የተሰጣቸው ወረቀት ግን ጊዜያዊ የሚል ቃል አልተለየውም። በ2011 ዓ.ም. የወንዝ ዳርቻዎችን የማልማት ዕቅድ በ29 ቢሊዮን ብር ግምት ይፋ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ግንቦት ለአንድ ሰው 5 ሚሊዮን ብር የተከፈለበት እራት ሲበላ፣ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮም የኮሪደር ልማቱ መንገዶቹን ሲያሰፋ፣ ወንዝ ዳርና መንገድ ዳር ከመሆን በቀር ሌላ ዳር ያልነበረው ይህ ንግድ ከዳርም ተገፋ። ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል እንዲሉ፣ ባለ ችግኙ ከረጢቶቹን በጋሪ ጭኖ ወደ ሌላ ሰፈር ይሄዳል። ግንድ ግን ቢዞሩበት አይሞትም። ሥሩ ከከረጢቱ አልፎ መሬት የያዘ የሁለት ዓመት ወይራ ተነቅሎ ሲጫን፣ ብዙውን ጊዜ ከጉዞው አይተርፍም። አንድ ጊዜ እንዲህ የከሰረ ሰው ሁለተኛ ወይራ አይዘራም።

እርግጥ ነው፣ በሌላው ወገን የሚነገረው ነገር ሁሉ ከንቱ አይደለም። የእግረኛ መንገድ የሕዝብ ነው፤ ከረጢትና የአፈር ክምር እግረኛን ወደ መኪና መንገድ ሲገፋ መታየቱ እውነት ነው። ወንዝ ዳርም ለጎርፍ የተጋለጠ፣ ማንም እንደፈለገ ሊይዘው የማይገባ ስፍራ ነው። ከተማዋ ጽዱና ያማረች እንድትሆን መፈለግም ነውር የለበትም፤ ከአሥር ዓመት በፊት አፍንጫ ተይዞ ይታለፍባቸው የነበሩ አንዳንድ ዳርቻዎች ዛሬ ሰው አረፍ የሚልባቸው ሆነዋል። ክርክሩ መነሣታቸው ላይ ብቻ አይደለም። ክርክሩ ተነሥተው የት እንደሚገቡ ማንም ሳያስብ መነሣታቸው ላይ ነው። ለመናፈሻው ዲዛይን ተሠራ፤ ለመብራቱ፣ ለንጣፉ፣ ለፏፏቴው በጀት ተያዘ። መናፈሻውን ለሚመግበው መደብ ግን ቦታ አልተያዘም። ወጥ ቤት የሌለው ሆቴል እንደ መሥራት ነው።

የሕጉ ዓይንም ከዚህ የራቀ አይደለም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታን በሊዝ ስለመያዝ የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 721 ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት ሲፈቅድ፣ በአዲስ አበባ ለንግድ 60 ዓመት ሲፈቅድ፣ ለከተማ ግብርና የፈቀደው 15 ዓመት ነበር። በከተማ መሬት ላይ ከሚበቅለው ሁሉ ዕድሜው ረጅሙ ዛፍ ነው፤ አጭሩ ውል የተሰጠው ግን ለሚያበቅለው ሰው ሆነ። ያም ቢሆን ሊዝ ለገባው ነው። አብዛኛው ባለ ችግኝ ወደ ሊዝ ጨረታ ሊቀርብ ቀርቶ በአካባቢው ሊያልፍ አቅም የለውም። የፎቅ ባለቤት በሚያቀርበው ዋጋ ተወዳድሮ ሥሩን መሬት ውስጥ የሚያቆይ የዝግባ መደብ በዓለም ላይ የትም የለም።

መንግሥት ለአበባ ደግነት የለውም ለማለትም አይቻልም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በሆለታ፣ በሰበታ፣ በደብረ ዘይትና በዝዋይ ለጽጌረዳ እርሻ መሬት ተሰጥቷል፣ ብድር ተመቻችቷል፣ የግብር እፎይታ ተፈቅዷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጽጌረዳው ወደ አውሮፓ ሄዶ ዶላር ይዞ ይመጣል። ይህ በራሱ አይነቀፍም። ነገር ግን ለአምስተርዳም የአበባ ማስቀመጫ ለሚሆን፣ በሳምንት ለሚጠወልግ አበባ የተገኘው መሬትና ብድር፣ ለራስ ከተማ ጎዳና ለመቶ ዓመት ለሚቆም ዛፍ የታጣበት ምክንያት ምንድን ነው? ዶላር ስለማያመጣ ከሆነ በግልጽ ይነገር። በአደባባይ «አረንጓዴ» እየተባለ በመዝገብ ላይ ግን ዜሮ መሆን የለበትም።

ገዢውም ከነቀፋው አያመልጥም። ዛሬ በከተማው ያለው የግቢ ማስዋብ ሥራ የምርቃት ቀን አትክልት ሊባል ይችላል። የሕንጻው ባለቤት ወይም የመሥሪያ ቤቱ ሹም እንግዳ ከመምጣቱ ከሳምንት በፊት ተቋራጭ ይጠራል። ሣር ይነጠፋል፣ ያበበ አበባ ከነከረጢቱ ይደረደራል፣ ዘንባባ ከሩቅ ተጭኖ ይመጣል። ሪባን ይቆረጣል። ውሉ እዚያ ያበቃል፤ የሚያጠጣ፣ የሚገርዝ፣ የሞተውን የሚተካ ሰው በውሉ ውስጥ የለም። በዓመቱ ግማሹ ደርቆ እንደገና ሌላ ተቋራጭ ይጠራል። ይህ አሠራር ባለ ችግኙን በሁለት በኩል ይጎዳዋል፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ እልፍ ተክል አምጣ ሲባል የሚያቀርበው ያበበና ርካሽ የሆነውን እንጂ በሦስት ዓመት የሚደርሰውን አይደለም፤ ከተረከበ በኋላም ገንዘቡን ለማግኘት ወራት ይመላለሳል። ከዚህ የባሰው ደግሞ በየካፌውና በየባንኩ መግቢያ የተሰቀለው የፕላስቲክ አበባና የፕላስቲክ ሣር ነው። አቧራው ካልሆነ በቀር ምንም የማይበቅልበት ጌጥ የውጭ ምንዛሪ ወጥቶበት ከባሕር ማዶ ሲመጣ፣ ጤና አዳምና አርቲ የምታሳድግ እናት ቆርቆሮዋን የምታስቀምጥበት ጥግ ታጣለች።

ስለ ሙያው ሲነገር የሙያውንም ኃጢአት መደበቅ አይገባም። የጣና ሐይቅን ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ያስጨነቀው፣ ቀደም ሲልም ቆቃን፣ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ቪክቶሪያን የወረረው እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው በጌጥ ተክልነቱ ነው፤ ሐምራዊ አበባው ያማረው ሰው ሁሉ ወደ ኩሬው ወሰደው። ዛሬ በየገደሉ የሚታየው የወፍ ቆሎም ለአጥር ጌጥ ተብሎ ከመጣ በኋላ ነው ያመለጠው። በአፋር ቆላ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የተስፋፋው ፕሮሶፒስ፣ ኬንያ ውስጥ በባሪንጎም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በልማት ስም ከችግኝ ጣቢያ ወጥቶ ግጦሹን ዘጋ። የባሪንጎ አርብቶ አደሮች እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ መንግሥትን ሲከስሱ፣ የዛፉን ፍሬ በመብላት ጥርሱ የረገፈ ፍየል ለማስረጃ ይዘው እስከ ፍርድ ቤት ሄደዋል። እነዚህን ተክሎች ካሰራጩት መካከል የግል አድናቂም፣ የመንግሥት ጣቢያም፣ የረድኤት ፕሮጀክትም አሉበት። ስለዚህ ባለ ችግኝ ሁሉ የተፈጥሮ ወዳጅ ነው የሚለው ወሬ አይሠራም። ምን ዓይነት ተክል እንደሚሸጥ የሚጠይቀው የሌለ፣ ስሙ በመዝገብ ያልሰፈረ፣ ነገ የት እንደሚሆን የማይታወቅ ሻጭ ስለሸጠው አረም ተጠያቂ ሊሆን አይችልም። መዝግቡት፣ ቦታ ስጡት፣ ከዚያ ተቆጣጠሩት። ቦታ ነሥቶ ኃላፊነት መጠየቅ አይቻልም።

አገር በቀሉ ዘር ደግሞ አልጠፋም። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ያጠኗቸው የደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ምስክሮች ናቸው፤ ዙሪያቸው ታርሶ ባለቀ መስክ መካከል እንደ ደሴት የቀሩት እነዚህ ቅጽሮች ጥድ፣ ወይራ፣ ዝግባና ጥቁር እንጨት ይዘው ቆመዋል። ከእንጨት መርጦ ለታቦት የሚለው ሕዝብ ዛፍን መምረጥ ያውቃል። አዲስ አበባም በጉለሌ 705 ሄክታር ያህል ስፋት ያለው የዕፅዋት ማዕከል አላት። ዕውቀቱም፣ ዘሩም፣ ለቃሚውም አለ። የጎደለው በእነዚህና በጎዳናው መካከል የሚቆመው፣ ፍሬውን ተቀብሎ ለአምስትና ለስድስት ዓመት የሚያሳድገው መካከለኛ እጅ ነው።

ያንን እጅ ለማስቀመጥ የሚያስፈልገው ነገር የሚያስደነግጥ አይደለም። ከተማው ለአረንጓዴ ቦታ ብሎ በፕላኑ ከከለለው መሬት ጥቂቱን ያለ ጨረታ፣ ቢያንስ ለ30 ዓመት በሚጸና ውል ለማፍያ መደብ ይስጥ። መናፈሻው ራሱ ጥግ ላይ መደብ ቢኖረው ለጎብኚው ጌጥ እንጂ እድፍ አይሆንበትም። የከተማው አስተዳደር ለሚቀጥሉት ዓመታት የሚያስፈልገውን የጎዳና ዛፍ ዛሬ ይዘዝ፤ ቅድሚያም ይክፈል። የቀረውን ደግሞ ዛፉ ከተተከለ ከሁለት ክረምት በኋላ ቆሞ ሲገኝ ይክፈል። አገር በቀል ችግኝን በነጻ ማደሉን ትቶ ከአፈላው ሰው ገዝቶ ለድኻው ይስጥ፤ ስጦታው ይቀጥላል፣ ገበያውም አይሞትም። ይህን ለማድረግ አዲስ ሚኒስቴር አያስፈልግም፤ ከአንድ የምርቃት ሳምንት የሚተርፍ ሐሳብ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ይህ ካልሆነ የሚሆነው ይታወቃል። ባለ ችግኙ ወደ ከተማው ጫፍ ይሄዳል፤ ጫፉም ነገ ሰፈር ሲሆን ከዚያም ይነሣል። በተነሣ ቁጥር ከመደቡ የሚጎድለው ቀስ ብሎ የሚያድገው ነው። መጀመሪያ ዝግባ ይቀራል፣ ቀጥሎ ወይራ፣ ቀጥሎ ኮሶ። የሚቀረው በወር የሚደርስ የአበባ ቁጥቋጦና ከውጭ የመጣ ዘንባባ ነው። ከዚያ በኋላ የመናፈሻ ባለሙያው በንድፉ ላይ ዝግባ ብሎ ቢጽፍ፣ ተቋራጩ በገበያ የለም ብሎ ሌላ ይተክላል፤ እውነቱንም ነው። ፍሬው በየቅጽሩ ዘንድሮም ረግፏል። ዛሬ ቢለቀምና ቢዘራ ሰው የሚያህል ሆኖ ለጎዳና የሚደርሰው ከ2023 ዓ.ም. ወዲያ ነው፤ በናይሮቢም በአዲስ አበባም እስከዚያ ዓመት ድረስ በአንድ ስፍራ እቆያለሁ ብሎ የሚዘራ ባለ ችግኝ ፈልጎ ማግኘት ግን ቀላል አይደለም።